በአባባ ካፖርት ውስጥ ስላለችው ጡረታዬ

ለተከበርሽውና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ? የእማዬ ዓይን፣ የአባባ ሳል፣ የልጆችሽ ትምህርት፣ ያ ሲከፈት የሚያለቅሰው በራችሁ ሳይቀር እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከልቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ልቤም ቢሆን ይመታል፤ ትንሽ አበዛው እንጂ።

ይህን የምታነቢው ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። አባባ አጠገብሽ ካሉ ደግሞ ተነሺና ወደ ጓዳ ግቢ። ጮክ ብለሽ እንዳታነቢ አደራ። እማዬ ምን ይላል ካለችሽ ሰላምታ ነው በያት፤ ውሸት አይሆንብሽም፣ ከላይ አለልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ከኖርኩበት የልብስ ፋብሪካ ወጥቼ በሆስፒታሉ የአንሶላ ክፍል መቀጠሬን ታውቂያለሽ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከደሞዜ ለጡረታ ይቀነስ ነበር። ስለቅ የተጠራቀመው ገንዘብ የት ይሂድ የሚል ወረቀት ሰጡኝ። የአዲሱ መሥሪያ ቤት የቅጥር ክፍል ኃላፊ፣ ሰውን ከመነጽሯ በላይ የምታይ ሴትዮ፣ እዚያው ብትተወው ይቻላል፣ ወደ እኛ የጡረታ ሂሳብ ብታዛውረው ደግሞ ይሻላል፣ ብቻ ወንድሜ በእጅህ እንዳትቀበለው፣ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ይሂድ አለችኝ።

እኔ ግን የማን ልጅ ነኝ? በዓይኔ ያላየሁትን ገንዘብ እንዴት ብዬ ልመን? ፋብሪካው ሄጄ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በስሜ ቼክ ይጻፍልኝ፣ ራሴ ወስጄ አስገባዋለሁ አልኩ። ጻፉልኝ። ከቼኩ ጋር አንዲት ቀጭን ወረቀት አብራ መጣች። በስልሳ ቀን ውስጥ ወደ ሌላ የጡረታ ሂሳብ ካልገባ እንደ ተበላ ይቆጠራል፣ ግብሩም ቅጣቱም ይቆረጥበታል፣ የተረፈውም ወደ ጡረታነት አይመለስም ትላለች። ስልሳ ቀን ያን ጊዜ ዘላለም መስሎኝ ነበር።

አዲሱ ሂሳብ የሚከፈትልኝ የመጀመሪያውን ወር ስጨርስ ነው ተባለ። እስከዚያ ቼኩን የት ላድርገው? እማዬ የቤቱን ወረቀት የት ነበር የምትደብቀው? ካፖርቷ ገበር ውስጥ ሰፍታ አይደለም እንዴ? እኔም የልብስ ንድፍ በሚቀዳበት ወረቀት ጠቅልዬ በወፍራሙ ካፖርቴ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። እትዬ፣ እንደዚያ ያለ ስፌት በዘመኔ ሰፍቼ አላውቅም። ሌባ ቢመጣ አድንቆ ነበር የሚሄደው። ለባለቤቴ ግን ቼኩን ለቅጥር ክፍሏ ሴትዮ አስረከብኩ አልኳት፤ ፎከርኩ ማለት ነው።

አንቺ ደግሞ አባባን ብርድ መታቸው ብለሽ ጻፍሽ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የልብስ መስቀያው ባዶ ነው። ባለቤቴ ካፖርቱን አጥፋ ወደ እናንተ በሚመላለሰው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ለአባባ ልካዋለች። አንተ እንደሆን አትለብሰውም፣ እሳቸው ይሙቃቸው አለችኝ። እንዲህ ያለች ምራት ከየት ትገኛለች ብዬ አመሰግኜ ተቀመጥኩ። በማግስቱ የፋብሪካው ገንዘብ ቤት ሄጄ ቼኩ ቢጠፋስ ብዬ ጠየቅኩ። ይሰረዝና ሌላ ይጻፋል፣ አርባ ቀን ብቻ ይፈጃል አለኝ ገንዘብ ያዡ፤ ፈገግ ብሎ። የቀረኝ ግን ከአርባ ያነሰ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንሶላ ስቀድ መቀሱ ከእጄ ይወድቃል። እማዬ ካፖርቱን ገንዳ ውስጥ ነክራ በሳሙና ስታሸው ይታየኛል። የአባባንም እጅ አውቀዋለሁ፤ የበረደው ሰው ካዩ አውልቀው ያለብሳሉ፤ ጡረታዬ በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሆና አገር ስትዞር ይታየኛል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የፋብሪካችን ካውያ ያዥ ሽማግሌ ናቸው። ሻለቃ እንላቸዋለን፤ ወታደር ሆነው አያውቁም፣ እንፋሎቱ ውስጥ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ነው። ጎልማሳ ሳሉ ሥራ ሲቀይሩ የጡረታቸውን ገንዘብ በእጃቸው ተቀብለው ትልቅ ቴሌቪዥን ገዙበት። ቴሌቪዥኑ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፣ እኔ ግን ይኸው አለሁ ይላሉ። ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ካውያውን በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ስሰናበታቸው፣ አንተ ልጅ፣ እንደኔ ቆመህ እንዳታረጅ አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ትናንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አባባ ካፖርቱን ለብሰው ሲራመዱ ከግራ ጎናቸው ኮሽ ኮሽ ይላል፣ አዲስ ልብስ ድምፅ አለው፣ ልጄ ውሃ ያልነካው ካፖርት ላከልኝ እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ያሰማሉ ብለሽ ጽፈሻል። እትዬ፣ ያን መስመር ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ስንት ጆሮ ጡረታዬን አዳመጠ! ግን አለች፤ አልታጠበችም፣ ለማንም አልተሰጠችም።

በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት፤ ድምፁን ለቃ ሰፈሩን ሁሉ ታሰማለች። አባባ ከሰሙ ደግሞ ልጄ የሰጠኝን መልሶ ጠየቀኝ ብለው ካፖርቱን ያወልቁታል፣ ብርዱም ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ እሑድ ገላቸውን ሲታጠቡ ከግራው ኪስ ሥር አራት ጣት ወረድ ብለሽ ገበሩን ተርትሪው። በመቀስ አይደለም፣ በመርፌ ጫፍ፣ ቀስ ብለሽ። የምታገኚውን ጥቅል ሳትከፍቺ ይህን ደብዳቤ ላመጣልሽ ሹፌር ስጪው፤ ሰኞ ይመለሳል። የሆስፒታል ወረቀት ነው ብዬዋለሁ፤ እንደዚያ ከተባለ ሊከፍተው አይደፍርም።

ብቻ ባዶውን እንዳትሰፊው። ድምፁ ከጠፋ አባባ ካፖርቱ አረጀ ብለው ያዝናሉ። በምትኩ የምትከቺውን ወረቀት በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት ታማኝ አገልግሎቴ ፋብሪካው በክብር የሰጠኝ የምስጋና ወረቀት ነው፤ ወፍራም፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ለምንም የማይሆን። አጥፌ ሸሚዜ ውስጥ አድርጌ ክፍላችንን ሁለቴ ዞርኩበት፤ ከቼኩ የበለጠ ይንኮሻኮሻል። ይኸው በስተመጨረሻ ሥራ አገኘ።

ጥቅሉን ካጣሽው ግን ምንም አትጻፊልኝ። ባዶ ፖስታ ለሹፌሩ ስጪው፤ ይገባኛል።

ለእማዬ ዓይኗን ስሜያለሁ በያት፤ ሳሙናዋን ለሌላ ልብስ ታድርግ። ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ ለመንትዮቹ ሰላም በይልኝ፤ ለአንዱ ሁለቴ እንዳትይው፣ ይጣላሉ። ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። ካፖርቱ የእሳቸው ነው። ብቻ እስከ እሑድ፣ እስከ እሑድ ብቻ፣ ማንም ሰው ቢበርደው አይዩት።

የማይረባው ታናሽ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍላችን፣ ከባዶው መስቀያ ሥር
ሐሙስ፤ ከስልሳው ቀን በሠላሳ አራተኛው