አሥርና ሃያን ያቀላቀልኩበት ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለኑርሃን፣ ካለሽበት ጅዳ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ጁምዓ ጁምዓ ማረፍ ፈቀዱልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናታችን ሳሏ ቀንሶላታል፣ ምግብም መብላት ጀምራለች። የሮቢት ሙቀት ዘንድሮ ገና በየካቲት ነው የያዘን፤ ጅዳ ላለ ሰው ስለ ሙቀት ሳወራ ትስቂብኝ ይሆናል።

ይህን ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ማሾው ምርት አውርቼ ዘግቻለሁ። ስለዚህ ለዑምራ ለሚሄዱት ጎረቤታችን ይህን ወረቀት ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

አንቺ ከፍለሽ ባስተማርሽኝ ሙያ በጋሼ ፀጋዬ ክሊኒክ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች በሙሉ ስዊች በሚባል አንድ ዕቃ ላይ ይሰካሉ። ከስዊቹ አንድ ገመድ ወጥቶ ፋየርዎል ወደሚባለው ይሄዳል፤ እሱ እንግዲህ ማን ወዴት ይለፍ የሚል ዘበኛ ነው። ገመዱ አንድ ቢሆንም ሁለቱ ዕቃዎች በቁጥር ከተግባቡ ሰዉን ለይተው ያስተናግዳሉ። ቪላን ይሉታል። እኔም የካርድ ክፍሉንና የላቦራቶሪውን አሥር አልኩት፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው በስልኩ የሚጠቀምበትን ዋይፋይ ደግሞ ሃያ። ሃያ ወደ ኢንተርኔት ይወጣል እንጂ የአሥርን ጓዳ አያይም።

ክሊኒኩ የተመረቀ ቀን ግን ሃያ አልሠራ አለኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ታርዷል፣ ሼኹም ቄሱም ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሼ ፀጋዬ ማይክ ይዘው፣ የሠራው የሰፈራችን ልጅ ነው፣ በሉ ስልካችሁን አውጡና ሞክሩት አሉ። ያ ሁሉ ሰው ስልኩን አውጥቶ እኔን ያየኛል። ወላሂ ኑርሃን፣ አልሠራልኝም፣ ነገ አስተካክለዋለሁ ማለት ሰውን እንዴት ያቅተዋል? እኔን አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ወደ ውስጥ ገብቼ የዋይፋዩን መሰኪያ ከሃያ አውጥቼ አሥር ውስጥ ከተትኩት፤ ለዛሬ ብቻ ብዬ። ወዲያው ሠራ። ተጨበጨበልኝ። ሼኹ ዱዓ አደረጉልኝ፣ ቄሱም መረቁኝ፣ እናታችን በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያን ሁሉ ምርቃት በውሸት በላሁት። ነገ ያልኩትም አምስት ወር ሆነ።

በጥር የእናታችን ሳል ጠንቶ ስትመረመር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት። የሚድን በሽታ ነው፤ ግን አገሩን ታውቂዋለሽ። ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብላ ላንቺ እንኳ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት የሚቀመጥበት ማህደር ይለፍ ቃል አልነበረውም፤ ከአሥር ውጭ ማን ያየዋል ተብሎ። አንዱ ተራ ሲጠብቅ ላፕቶፑን ከፈተ፣ ዋይፋዩን ያዘ፣ ማህደሩ ወለል ብሎ ታየው። የሚያውቀውን ስም ሲፈልግ የእናታችንን አገኘ። ይህን ኋላ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት። በሳምንቱ ማሾ ሊያበጥሩ የተሰበሰቡት ሴቶች ለእናታችን ለብቻዋ ኩባያ አቀረቡላት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጅዳ ደረሰ።

ጋሼ ፀጋዬ፣ ከኮምፒውተሩ ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ኧረ በፍጹም፣ ለያይቼዋለሁ እኮ አልኳቸው። ስዊቹን ከፍቼ ያየሁት ይህን ካልኩ በኋላ ነው። ዋይፋዩ አሥር ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሃያ ያልሠራው ለካ ወደ ፋየርዎሉ የሚወስደው መሰኪያ አሥርን ብቻ እንዲያሳልፍ አዝዤ ሃያን ስለረሳሁ ነው። አንድ መስመር ትዕዛዝ ጨመርኩ፣ ዋይፋዩን ወደ ቦታው መለስኩ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጣይባ ከሥራ ታገደች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እሷ ናትና ሌላ ማን ይጠረጠር? ካንቺ ጋር በአንድ ደብተር ተምራ ያደገችው ጣይባ! አንቺ ደውለሽ፣ የእናቴን ገመና ያወጣችው ጣይባ ናት አይደል ስትይኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩሽ። አውቅ ነበር። ከዚያ ለእሷ ደውለሽ ያልሻትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያ ስድብ የእኔ ነበር፤ እሷ ተቀበለችልኝ።

እናታችን ደግሞ እዚህ ሰው እንዳያያት ብላ ለክኒኗ በሚኒባስ ካራቆሬ ከተማ ድረስ ትመላለስ ጀመር፣ በዚህ ሙቀት። ባለፈው ሐሙስ ከመኪና ስትወርድ ደክሟት አስፋልቱ ዳር ቁጭ ስትል አየኋት። ከዚያ ወዲያ መቻል አቃተኝና ቤት ስንገባ ሁሉንም ነገርኳት። እኔስ ታምሜ ነው፣ ያቺ ልጅ ምን አድርጋ ነው? አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜን አትጠራም፤ አንተ ልጅ ነው የምትለኝ።

ዓርብ ለጋሼ ፀጋዬ ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያን ቀን አልሠራም ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር? አሉኝ። ሠራተኛውን ሰብስበው በገዛ አፌ እንድናገር አደረጉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጣይባን ተመለሽ ብለው ልከውባታል፤ አልመጣችም። ቤቷ ሄድኩ፤ የለችም አሉኝ። ጫማዋ ግን በሩ ላይ ነበር።

ኑርሃን፣ እኔን የፈለግሽውን በይኝ፣ እችለዋለሁ። ለእሷ ግን ደውዪላት። የእኔን ጥፋት አንቺ ካሺልኝ ማለቴ አይደለም። የእኔን ስልክ አታነሳም፤ ያንቺን ምናልባት ታነሳ ይሆናል።

እናታችን ዓይኗን ሳምልኝ፣ እንዳትመጣም ንገርልኝ ብላለች። አጎታችን አብዱልመጂድ ከአሊዩ አምባ መጥተው ሰንብተዋል፤ በዱዓ አልረሳሽም ብለውሻል። ልጅሽ ሂክማ ተመርምራ ነጻ ናት፤ የሳለችልሽን ሥዕል እዚሁ ውስጥ አጥፌ አስገብቼልሻለሁ። ጋሼ ፀጋዬም ሰላም ብለውሻል።

በፊት ደብዳቤ ስጽፍልሽ ከሁሉ ቀድማ ሰላምታዋን የምታስጽፈኝ ጣይባ ነበረች። ዛሬ ሰላም በልልኝ አላለችም።

ያሳፈርኩሽ ወንድምሽ ሙዐዊያ
ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.