የአክስቴ ሳቅ

ጥቅምት 4
የቪዲዮ ኤዲቲንግ ትምህርት፣ ሁለተኛ ሳምንት። ዛሬም አርፍጄ ገባሁ። መምህራችን ቀና ብሎም አላየኝ። መቀስ ነው የምንለው... ፊቱ ግን ማን ደፍሮ።

የዛሬው ትምህርት፦ ሰው ሲያወራ "እ... እ..." የሚለውን ቆርጦ አውጥቶ ቀሪውን መግጠም። ችግሩ፣ የተገጠመበት ቦታ ላይ የሰውየው ጭንቅላት እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። "መሸፈኛ አለው" አለ መቀስ። "የሚያዳምጥ ሰው ፊት ጣል ታደርጉበታላችሁ። ድምፁ ከስር ይቀጥላል። ማንም አይነቃም።"

ማንም አይነቃም። ወደድኳት።

ጥቅምት 9
ለመለማመጃ እማዬን ቀረጽኳት። ሳልጠይቃት ስለ አባዬ የመጨረሻ ቀናት አወራችልኝ። አክስቴም እንደ ሁልጊዜው አጠገቧ ነበረች። የእማዬ ታናሽ ናት፣ ቤቷ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ። አባዬ አልጋ ላይ ሲውል እማዬ እንድትተኛ ብላ ሌሊት ሌሊት ያስታመመችው እሷ ናት። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ እሱም እማዬ ላይ ነበር። ሲያበቃ አክስቴንም ለብቻዋ ትንሽ ቀረጽኳት። ድመታችን የካሜራው ገመድ ውስጥ ተተብትባ ስትፍጨረጨር አይታ ከልቧ ሳቀች። ሳቅ ሲያምርባት...

ጥቅምት 12
ስቆርጥ ዋልኩ። እማዬ "ነፍሱ ስትወጣ" ብላ ሳል ያዛት፣ ከዚያ "እጁ እጄ ውስጥ ነበር" አለች። ሳሉን አወጣሁት፣ ምስሉ ዘለለ። መሸፈኛ ከየት ይምጣ? ያለኝ የአክስቴ ፊት ብቻ። ሳቋ ሊጀምር ሲል ያለችውን ቁራጭ አስገባሁ፣ ለአፍታ። ልክክ አለ። መቀስ አይቶ "እጅሽ ተፍታታ" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥቅምት 15
ለሁለቱም አሳየኋቸው። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

እማዬ ዞር ብላ አክስቴን አየቻት።
"ትስቂያለሽ?"
"እኔ? መቼ?"
"እሱ ሲሞት እያወራሁ... ጥርስሽን አየሁት እኮ።"

ድመቷን አይታ ነው አልኩ። እኔ ነኝ እዚያ ያስገባሁት አልኩ። ማን ይስማኝ። "በዓይኔ ያየሁትን?" አለችኝ እማዬ። አክስቴ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ደረጃውን ቀስ እያለች ስትወጣ ይሰማኝ ነበር።

ጥቅምት 16
አክስቴ አልወረደችም።

ጥቅምት 21
አስተካከልኩት። ፈገግታውን አወጣሁ፣ ሳሉን መለስኩ። እማዬን ለብቻዋ አስቀምጬ አሳየኋት።
"አየሽ? የለም እኮ።"
"አዎ... ለእሷ ብለሽ አወጣሽላት።"

አልተቆጣችም፣ እንደውም ያዘነችልኝ ትመስላለች። ያልተነካውን ቀረጻ፣ ድመቷ ያለችበትንም ከፈትኩላት። "እንዴት ልወቅ ልጄ? አንቺ የፈለግሽውን ማድረግ ትችያለሽ።"  ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ክፍል መሄድ ካቆምኩ ሦስተኛ ቀኔ። የአክስቴን በር አንኳኩቼ ተመለስኩ።

ኅዳር 3
አክስቴ ልጇ ጋ ልትኖር ሌላ ከተማ ሄደች። ሻንጣዋን ያወረድኩላት እኔ ነኝ። በራችን ጋ ስትደርስ ቆም አለች። እማዬ ውስጥ ናት፣ ኮቴዋ ይሰማል። አልከፈተችም።

ታክሲው ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።
"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እናትሽ ያን ስታወራ... ስቄ ይሆን እንዴ?"
"አልሳቅሽም እትዬ።"
"አይ፣ እርጅና ነው... እኔም እኮ ቪዲዮው ላይ አየሁት።"

አልሳቅሽም አልኳት። ታክሲው እስኪነሳ ደጋግሜ አልኳት። ማመኗን እንጃ።