ጫጩቷ መድረክ ላይ ዝም ያለች ዕለት

ለተከበሩ የጣቢያችን የሙዚቃና መዝናኛ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ዕረፍት፣ ትእዛዝ ለማስተላለፍ ሌት ተቀን ለሚደክመው ጉሮሮዎም ብርታትን እመኛለሁ። «በቀጥታ ስርጭት ላይ ሥርዓት በማወክ» ከጣቢያው ስቱዲዮ መታገዴን የሚገልጸውና በጋዜጣም ያወጡት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እርስዎ ለሕዝቡ ታሪኩን እስከ ግማሽ ድረስ ስለነገሩልኝ፣ ቀሪውን በመጨረስ ድካምዎን ላቀልልዎ ወደድኩ።

አንባቢ ግር እንዳይለው ያህል፣ በዚሁ ጣቢያ «ጫጩቷ» እየተባለች ትዘፍን የነበረችው፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ልጅ እኔ ነኝ። አሁን ጥርስ አብቅዬ፣ ሽበትም ጨምሬበት፣ ለሌሎች ዘፈን እየጻፍኩና እያሳተምኩ እኖራለሁ።

፩. ለጣቢያው የምሥረታ በዓል ዝግጅት በተጠራው ስብሰባ ላይ፣ በሙዚቀኞቹና በድምፅ ባለሙያዎቹ ፊት «ነይ እስቲ ጫጩቴ» ብለው ጉንጬን ስለቆነጠጡልኝ አመሰግናለሁ። ፕሮዲዩሰሯ እኔ ብሆንም፣ መሰማት ያለበት ማን እንደሆነ ሁሉም እዚያው ስለገባው፣ ከዚያ ወዲያ እኔን በመስማት ጊዜውን ያባከነ ሰው አልነበረም።

፪. የድሮ ዘፈኔን እንድትዘፍን የተመረጠችው አዲሷ ጫጩት የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ሲሰሙት ደስ የሚል ነው። ዘፈኑ ለእሷ ከፍ ስለሚልባት ዝቅ አድርገን እንቅረጸው ብዬ በትሕትና ብጠይቅ፣ «ሕዝቡ የሚያውቀው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ትልመደው» አሉ። ልጅቷም እንደ ትእዛዝዎ መልመድ ጀመረች። አንድ ቀን እናቷ በኮሪደሩ ጎትታ አስቆመችኝና፣ «እህቴ፣ ቤት ስንገባ ውሃ እንኳ የምትጠይቀኝ በእጇ ነው። ይሄ ነገር ደህና ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ከእኔ አቅም በላይ ስለሆነ ወደ እርስዎ አመጣሁት። እርስዎም ከስልክዎ ቀና ሳይሉ፣ «አንቺስ በእሷ ዕድሜ ዘፍነሽ የለ? ምን ሆንሽ?» ብለው መለሱልኝ።

፫. የአለቃ ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት ስለሌለበት፣ ዘግይቼም ቢሆን እነሆ መልሱ። ድምፄ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ዘፈን መሃል ላይ ተዘጋ። ጉሮሮዬ ማበጡን ሐኪም ቢናገርም፣ የዚያን ጊዜ አለቆች ካሴቱን እያጫወቱ አፌን ብቻ እንዳንቀሳቅስ አደረጉኝ፤ ሕዝቡም አላወቀም። ዛሬ ለዘፋኞቼ ዜማ የማሳያቸው በፒያኖ ነው። ልጆቼን እሹሩሩ እያለ ያስተኛቸው አባታቸው ነው። የሆንኩት ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

፬. በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ልጅቷ አዝማቹ ላይ ስትደርስ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ለክፉ ቀን ብለው ከጀርባዬ ያዘጋጁት ቅጂ የእኔው የልጅነት ድምፅ ኖሯል። ልጅቷ ደንግጣ ድምፅ ማጉያውን አየች፤ ቀጥላ በዓይኗ እናቷን ፈለገች። ያኔ ነው «ሥርዓት ያወክሁት»፤ መድረክ ላይ ወጥቼ አቀፍኳት።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ፣ ከንፈሯን በማንበብ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ምንም አላጠፋሽም፤ ነይ ወደ እማዬ እንሂድ» አልኳት።

ይዣት ስወርድ እኔው ከኋላችን በደስታ መዝፈኔን ቀጥያለሁ፤ ታዳሚውም ያጨበጭባል። ያንን ቅጂ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበርና ስላሰሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ደስ ብሎኝ የዘፈንኩት ይመስለኝ ነበር። ለካስ በየስንኙ መሃል ቁና ቁና ስትተነፍስ የምትሰማ ልጅ ነበረች። የሚያሳርፋት ሰው አልነበረም እንጂ፣ ለሰሚ ጆሮ ግልጽ ነበር።

ልጅቷ በሐኪም ትእዛዝ ድምፅዋን ሳታወጣ ከረመች፤ ባለፈው ሰሞን እናቷ ደወለችልኝ። «ዛሬ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ ጮኸችበት! ሰፈሩ ሁሉ ሰማት!» እያለች በደስታ ታለቅስ ነበር። አሁን ልጅቷ አልፎ አልፎ ከእናቷ ጋር ቤቴ እየመጣች ከበሮዬን ትደበድባለች። ልዝፈን አላለችኝም፤ እኔም ዝፈኝ አላልኳትም።

የተጣለብኝን እገዳ በሙሉ ልብ ተቀብዬ፣ ማንም አማላጅ ቢመጣ እንዳያነሱልኝ በታላቅ ትሕትና የምማጸን፣

አክባሪዎ፣
የዜማ ደራሲዋና ፕሮዲዩሰሯ

ማሳሰቢያ፦ የእርስዎም ልጅ የዚያችው ልጅ እኩያ መሆኗንና እጅግ ያማረ ድምፅ እንዳላት ሰምቼ፣ ለበዓሉ ለምን እንዳልታጨች ጸሐፊዎን ጠይቄ ነበር። «እሷ ገና ልጅ ናት፤ ጉሮሮዋ አልጠናም» ማለትዎን ነገረችኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ በእኔና በእርስዎ መካከል ምንም ዓይነት የሐሳብ ልዩነት የለም።