ከክሊኒኩ ጓሮ የተቆፈረው ጉድጓድ

ግንቦት 18፣ ሰኞ ማታ
ዛሬም ድንጋይ ማቀበል። የክሊኒኩ ግድግዳ አልቋል፣ ጣሪያው ይቀራል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከሚሲዮኖቹ፣ ጉልበትና አሸዋ ከእኛ። ወገቤ የለም። ሲ/ር ማርታ፣ ፈረንጇ ነርስ፣ ከእኛ እኩል አሸዋ ትሸከማለች። ሽማግሌዎቹ አመስግኑ ይላሉ። እኔ አላመሰግንም። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በነጻ አሸዋ የሚሸከም ሰው አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ማስታወሻዬ። ሚስቴ ደስታ ከሰማች ትቆጣለች። መውለጃዋ ሰኔ ነው፣ ተስፋዋ ሁሉ ክሊኒኩ ላይ ነው። አይፈረድባትም። ባለፈው ክረምት ምጥ ይዟት ወደ ሸሕዲ ከተማ ሐኪም ቤት ስንወስዳት ትራክተሩ የዋልካው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ልጃችን እዚያው ተወልዶ እዚያው ሞተ። ክርስትና አልተነሣምና ከጓሯችን ቀበርነው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ
ሚሲዮኖቹ አይሰብኩም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ቢሰብኩ መልስ አለኝ።

ግንቦት 24፣ እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ
ከክሊኒኩ ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ሽንት ቤቱ እንዳይባል እሱ በወዲያኛው በኩል ነው። ይሄኛው ክዳን አለው፣ ክዳኑ ቁልፍ አለው። የግንበኞቹን አለቃ ጠየቅሁት። ከወለጋ የመጣ፣ የእነሱው እምነት ተከታይ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የእንግዴ ልጅ መጣያ ነው አለኝ። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ እንግዴ ልጅ አይጣልም። ልጁ ከቤቱ እንዳይርቅ ከጓሮ ይቀበራል። የእኔ የተቀበረው በተወለድሁበት በበለሳ ነው፣ እስከ ዛሬ በለሳ ሲባል ሆዴ ይባባል። ይጣል እንኳ ቢባል፣ ለሚጣል ነገር ቁልፍ ምን ያደርጋል?

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ
እሑድ ማታ ለአማቴ፣ ለደስታ እናት፣ ነገርኋቸው። ስህተት። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሰማ። እንግዴ ልጁን ሰብስበው ለመድኃኒት ወደ ውጭ ሊልኩት ነው ተባለ። እኔ ያልሁት ለምን ቁልፍ ብቻ ነው፣ የቀረውን ሴቶቹ ጨመሩበት። ዛሬ ለምርመራ የመጣች ነፍሰ ጡር የለችም። ሲ/ር ማርታ ለምርመራ ጥላ እንዲሆናት በሠራንላት ራኩባ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። ደስ አለኝ። ቆይቶ አፈርሁ። ደስታ አታናግረኝም።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ
ሽማግሌዎች ሲ/ር ማርታን ጠሯት። በተሰባበረ አማርኛ አስረዳች። ጉድጓዱ እንግዴ ልጁን ውሻና ጅብ እንዳይጎትተው፣ ቁልፉ ልጆች እንዳይገቡበት ነው። ወደ ቤቱ መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ አለች። ታዲያ ሳትቆፍሩ ለምን አልጠየቃችሁንም ብዬ ተነሣሁ። ፊቷ ቀላ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ነገሩ አለቀ። ለእኔ አላለቀም። እንዲህ ቶሎ ይቅርታ የሚል ሰው ምን አስቦ ነው? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ ጧት
ዝናቡ አላባራም። ደስታ ምጥ ላይ ናት። ጎረቤቶች ውጭ ቃሬዛ እያሰሩ ነው፣ እስኪጨርሱ ነው የምጽፈው። አማቴ እዚሁ ትውለድ ብለው ነበር። እኔ ዝም አልሁ። ዝምታዬ እዚሁ ማለት እንደሆነ ደስታ ታውቃለች። ምሰሶውን ይዛ ቆማ አየችኝ።

«ያለፈውን እንግዴ ልጅ በወጉ ቀብረኸዋል። ልጁንም ከጎኑ። የዚህኛውን እንግዴ ልጅ ጅብ ይብላው፣ ልጄን ስጠኝ።»

አማቴ አማተቡ። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው አለበሷት። እኔ ወጥቼ ሰው ጠራሁ።

ከክሊኒኩ ቆርቆሮ የለበሰው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ይበቃናል። ሰዎቹን ዛሬም አላምናቸውም። ከበሩ አልነቃነቅም፣ እጃቸውን አያለሁ። ግን እወስዳታለሁ። ቃሬዛው ታስሯል፣ ጠሩኝ።