ዝም የሚለው ሣጥን

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ዕቃ ስታነሣ የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ ደህና ናት? የትንሿ ልጃችሁ የፊት ጥርስ ወለቀ ብለኸን ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? ብርዱ ጠንክሮባችሁ እንደሆነ እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ምን አውቄ፣ ካፖርት አላቸው እያልኩ እመልስላታለሁ። እኛ ሁላችንም አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው። የአባባ ቁስል ደርቋል፤ ሾርባ በማንኪያ መውሰድ ጀምሯል። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ገዝተንለት የሚፈልገውን በጠመኔ ይጽፍልናል፤ አጻጻፉ ግን ያው የመናኸሪያው ነው። ትናንት ወደ ወጥ ቤት አዙሮ ያሳየን «ሾርባው ዘግይቷል፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» የሚል ነበር።

ሰላምታዬ ከአንጀቴ ነው፤ ተቀይሜሃለሁ ብዬ ጤናህን ከመጠየቅ አልቀርም። ግን ተቀይሜሃለሁ። ቅያሜ ብቻም አይደለም፣ ተከድቻለሁ። በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባል፣ አንተም ወደ ቀልድ ትወስደዋለህ፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት ላይ ማንም አያባብለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። ታውቀዋለህ፤ እኔ በቆምኩበት በኩል ግን አላየኸውም። አባባ ዕድሜውን ሙሉ በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ አውቶቡስ ሲያስነሣና ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ላይ ጮክ ብሎ ሰላም ሲል፣ ሰው ደንግጦ ሻንጣውን ይፈልግ አልነበር? ጉሮሮው ከታመመ ወዲህ ግን ያ ድምፅ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙም ቀዶ ጥገናው ነፍሱን ያተርፋል፣ ድምፁን ግን ይወስዳል ብሎ ቁርጡን ነገረን። ያን ጊዜ «ከመወሰዱ በፊት ቅጂው፤ ልጄ የአያቷን ድምፅ ሳታውቅ እንዳታድግ» ብለህ በስልክ ያለቀስክብኝ አንተ ነህ።

መጀመሪያ በስልክ ሞከርን። ስልኩ አባባን ትቶ የጎረቤቱን በር መንጓጓትና የመንገዱን ጥሩምባ ነው የያዘልን። ከመሥሪያ ቤት ደህና ማይክሮፎን ተዋስኩ፤ እሱ ደግሞ ከኮምፒውተሬ ጋር ካልተያያዘ አይሠራም። ኮምፒውተሬን ታውቀዋለህ፤ ገና መሠረታቸው ያልተቆፈረ ሕንጻዎችን ቆመው የማሳይበት ስለሆነ ጉልበተኛ ነው፣ ጉልበተኛ ደግሞ ብዙ ይበላል። ለዚህ ሁሉ መብራት የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ፣ እማዬ «የመብራቱ ሣጥን» የምትለው፣ አርጅቶ ማራገቢያው ሥራ ኖረም አልኖረም ያጉረመርም ነበር። ቤታችን ጠባብ፣ ጠረጴዛዬ ከአባባ አልጋ ግርጌ። የእሱን ሹክሹክታ ለመያዝ ማይክሮፎኑን እስከ መጨረሻው ስከፍተው ከአባባ ቀድሞ የሚገባው ያ ጉርምርምታ ሆነ። ኮምፒውተሩን ብርድ ልብስ አለበስኩት፤ ሊቀቀል ሲደርስ መልሼ ገፈፍኩት።

ከዚያ በኋላ እኔና አንተ ያወራነውን ታስታውሳለህ? ሌላ ሰው ቢሰማን ሙሽራ የምንመርጥ ይመስለው ነበር። አንተ ከሥራ ወጥተህ እየተራመድክ፣ እኔ ድስት እያማሰልኩ። የዋቱ ቁጥር ብቻ አያታልልህ አልኩህ። ኮምፒውተሩ ከሚበላው እጥፍ ገደማ የሚችል ይሁን፤ በግማሽ ጉልበቱ የሚሠራ ሣጥን አይጨነቅም። መብራት የሚያባክን ይሞቃል፣ የሞቀው ማራገቢያውን ይጠራል፣ ማራገቢያው ደግሞ ይጮኻል፤ ስለዚህ የማያባክነውን ፈልግ አልኩህ። ማራገቢያው ሰፊ ይሁን፣ ሰፊው ቀስ ብሎ ቢዞር ይበቃዋል፤ ሥራ ሲቀልለት ጭራሹን የሚቆም ከሆነማ እሰየው። ገመዶቹም የሚነቀሉ ይሁኑ፣ ያላስፈለገው ገመድ ውስጥ ተጠቅልሎ ንፋሱን እንዳይዘጋ። አንተም ሳትሰለች ሱቅ ለሱቅ ዞርክ። ሻጩን አስነሣልኝ ብለህ፣ ጆሮህን አስጠግተህ፣ «እህቴ፣ ይኼ ነገር ሳይሞት አይቀርም» ብለህ አሳቅከኝ። ያን ቀን ወንድም ያላት ምንኛ ታድላለች ብዬ ነበር።

ዕቃው በመንገደኛ እጅ ደረሰን። አንተ የላክኸው ነገር አባባ ሳይነካው እንደማይከፈት ታውቃለህ፤ ይህንንም ከነካርቶኑ ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። ከበደው። ዳሰስ ዳሰስ አደረገና በዚያች በቀረችው ትንፋሽ «ዝምታውን ይስጥህ» ብሎ መረቀው። ዕቃ ሲመርቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እማዬ ሳቅ ገደላት። በማግሥቱ ሥራ ስለነበረብኝ መግጠሙን ለፊውዝ ተውኩለት። ታናሻችን ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሮ የሚገጣጥም ሆኖ ሳለ እኔ በብሎን ምን አስገባኝ? በልጅነቱ የቤታችንን ፊውዝ እያቃጠለ ስሙን ያተረፈ ልጅ ዛሬ ባለሙያ ሆኖ ሳየው ኮርቼ ነበር የወጣሁት።

ስመለስ ኮምፒውተሩ ተገጥሞ፣ ተከድኖ፣ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አስነሣሁት፤ አጉረመረመ። ያው የለመድኩት ጉርምርምታ ነው። ፊውዝን ብጠይቀው አዲስ ዕቃ እስኪላመድ ነው አለኝ። ሲሰነብት ደግሞ «ጆሮሽ ነው፣ ሥራ በዝቶብሻል» ማለት ጀመረ። ግራ ሲገባኝ ለአንተ ደወልኩ። አንተም ጉሮሮህን ጠረግ አድርገህ «ድምፅ የሌለው ማሽን የለም፤ አባባን አታድክሚው፣ ዝም ብለሽ ቅጂ» አልከኝ። ጆሮዬን ትቼ አንተን አመንኩ። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሁሉ ሄጃለሁ፣ ይህን አልነገርኩህም። ሐኪሟ መርምራ ጆሮሽ ከብዙ ሰው ይሻላል ብላ ሰደደችኝ። ያኔም የተጠራጠርኩት ሐኪሟን ነው እንጂ እናንተን አይደለም። እንዲህ ያለ ጅል አይተህ ታውቃለህ?

የቀዶ ጥገናው ቀን አልጠብቅ ስላለን በየማለዳው፣ መንገዱ ሳይነቃ፣ አባባን ትራስ አስደግፌ ቀዳሁት። እማዬን እንዴት እንዳገኛት ተናገረ፤ ሻንጣዋ በሌላ አውቶቡስ ሄዶባት ስታለቅስ፣ ሹፌሩን በድምፅ ማጉያ ከመውጫው በር እንዴት እንዳስመለሰላት። እማዬ ከጓዳ ሆና አላለቀስኩም እያለች ስትከራከር እሷም አብራ ተቀድታለች። ለልጅህ ደግሞ እንደ ተሳፋሪ ስሟን ጠርቶ፣ ቦታሽ በመስኮቱ በኩል ተይዞልሻል አላት። ከዚያ ሐኪም ቤት ገባ። የወጣው እንደምታውቀው ነው።

እሱ ማገገም ሲጀምር ቅጂዎቹን ላስተካክልልህ ተቀመጥኩ። ጉርምርምታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ። ምናልባት አቧራ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ሳብኩና ክዳኑን ፈታሁ፤ ከሥር ፓወር ሰፕላዩን የሚሸፍነውንም ብረት አነሣሁ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ሰማያዊ ክር ነው። ድሮ የአሮጌው ሣጥን ገመዶች አልሰበሰብ ቢሉኝ ከእማዬ የሹራብ ክር ቆርጬ በገዛ እጄ አስሬያቸው ነበር። ቋጠሮዬ እንዳለ ነው። አሮጌው ከቦታው አልተነሣም፤ አዲሱም ጨርሶ አልገባም። ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረድኩት፣ ባዶ ነው። አንተ የላክኸው ነው ብዬ እኮ ያን ባዶ ካርቶን አቧራውን እየጠረግሁለት ነበር የኖርኩት።

ፊውዝ ሊያስተባብል አልሞከረም። የሱቁ ባለቤት ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ድምፁ የማይሰማ ኮምፒውተር እንዲገጥም አዝዞት፣ ካማረለት የጥገናውን ክፍል ሊያስረክበው ቃል ገብቶለት ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ በከተማው ጠፋ፤ የእኔው እጁ ላይ ነበር። ደንበኛው ኮምፒውተሩን ይዞ ከሄደ ቆይቷል፣ ፊውዝም ክፍሉን ተረክቧል። ንዴቴ ሲገነፍል «ወንድምጋሼ ይህን ቢሰማ ምን የሚልህ ይመስልሃል?» አልኩት። አንገቱን ደፋና ያኔውኑ ደውሎ እንደነገረህ፣ አንተም ይሁን ብለህ እንደፈቀድክለት፣ «ለእሷ ሌላ እልክላታለሁ፣ ልዩነቱንም አታውቀውም» እንዳልከው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም።

የፊውዝ ነገር ያናድደኛል፤ ያንተ ግን ያመኛል። ታናሽ ቢያጠፋ ለታላቅ ይነገራል፤ ታላቅ ሲያጠፋስ ለማን ይነገራል? ጉርምርምታው አላስቀዳ አለኝ ብዬ ስደውልልህ ዕቃው የት እንዳለ ታውቅ ነበር። እያወቅህ ነው በጆሮዬ እንድጠራጠር ያደረግኸኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ በራሴ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ለታናሽህ እንጀራ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። እኔስ አላስብለትም? ብትነግሩኝ እኮ አባባ ተናግሮ እስኪጨርስ ታገሡኝ ብዬ፣ ከዚያ ራሴ ፈትቼ፣ ገመዱን ጠቅልዬ እሰጠው ነበር። እኔ ያን ሣጥን የፈለግሁት ለዕድሜ ልኬ አይደለም፤ አባባ ድምፅ እስካለው ብቻ ነበር። አሁን ሌላ እልክልሻለሁ ብለሃል አሉ። ላክ፤ ምን ልቀዳበት?

የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሰምተህ «ጉርምርምታውን አጽጂና ሌላውን ላኪ» ብለኸኛል። ሞክሬያለሁ፤ ዓይኔ እስኪቀላ ሞክሬያለሁ። የአባባ ድምፅ ወርዶ ወርዶ ከማራገቢያው ድምፅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የተቀመጠው፤ ገለባውን ሳበጥር እህሉም አብሮ ይሄድብኛል። ብዙ ባጸዳሁት ቁጥር አባባ ከቧንቧ ውስጥ የሚናገር እንግዳ ሰው ይሆናል። ስለዚህ እንዳለ ልኬልሃለሁ።

ከመክፈትህ በፊት ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ለልጅህ የሚናገረው መሐል ላይ ሲደርስ አባባ ቆም ይላል። የአውቶቡስ ሞተር በጆሮው ሲለይ የኖረ ሰው አይደል፣ «ይኼ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው? ያ የመረቅሁት ዕቃ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። ወንድምጋሼ ድምፅ የሌለው ማሽን የለም ብሏል፣ አባባ፣ እለዋለሁ። ከዚያ «እሱ ካለማ ልክ ነው» ይልና ወሬውን ይቀጥላል። ይህን ቦታ ልቆርጠው ነበር፤ እጄን አንሥቼ ተውኩት። አባባ ስለ አንተ በገዛ አንደበቱ የተናገረው የመጨረሻው ቃል ስለሆነ እንዴት ብዬ ልቁረጠው?

በል እንግዲህ፣ የቤቱን ሰላምታ ላድርስ። እማዬ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ትልሃለች። እሷ ታውቃለች፤ ሰማያዊውን ክር ሳሳያት ተቀብላኝ ኪሷ ከተተችው። ላንተ የጀመረችውን ሹራብ ግን አላቋረጠችም፣ እጅጌው ላይ ደርሳለች። ፊውዝ በእኔ በኩል የላከው ሰላምታ የለም፤ በር ላይ ስንገናኝ ያሳልፈኛል፣ እኔም አልፋለሁ። አባባ ምንም አያውቅም፤ አንተም እንዳትነግረው፣ እንዳመነህ ይኑር። ለአንተ እንደምጽፍ ሲያይ ሰሌዳውን አነሣና ይህን ገልብጪለት አለኝ፦ «የላክኸው ዕቃ በሰላም ደርሷል»። እነሆ ገልብጬልሃለሁ።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። የትንሿን ግንባር ሳምልኝ። አያቷ ስሟን ሲጠራት አብራችሁ ስሙ። ከጀርባው የሚያጉረመርመው ምንድን ነው ብላ የጠየቀችህ እንደሆነ መልሱን አንተ ንገራት፤ እኔ አንድ ጊዜ ባንተ ቃል መልሻለሁ።

እህትህ

ከአባባ አልጋ ግርጌ
ኅዳር ፱ ቀን