ቀይ አፈሬን ማን ንካ አለህ?

ደቡብ አፍሪካ ላለኸው ልጄ አሞጽ፣

በገባህበት ሁሉ ጌታ ጥላ ይሁንህ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ፤ ላማችንም ወልዳለች።

ግን ተቆጥቼብሃለሁ። ለያሆዴ በዓል ግድግዳውን በቀይና በነጭ አፈር ስስል እንዳልደክም ብለህ ቀለም ቀቢ ላክህብኝ! እኔ ሆሳዕና ገበያ ውዬ ስመለስ፣ ገና ያልደረቀውን ሥዕሌን በክሬም ቀለም ለቅልቆት ሄዷል። ማን ደከመኝ አለህ? ከእርሻውም ከጓዳውም የማርፈው ስስል ብቻ ነው።

አንተም «ሱቁ ጊዜ አይሰጠኝም» ብለህ ሥዕል መተውህን እዚያ አብሮህ የሚሠራው ሲላስ ደውሎ ነገረኝ። እስከ ማታ ድረስ ሳሙና ልትሸጥ ብቻ ተፈጠርክ? ልጅ ሳለህ «ሥራ ፈት» ብዬ የምትስልበትን ከሰል የቀማሁህ እኔ ነኝ፤ ያን ቃሌን እርሳው።

እባክህ፣ በስኳር ካርቶን ላይም ቢሆን አንድ ነገር ሣልልኝ። ክሬሙ ግድግዳ ላይ እሰቅለውና ዙሪያውን በአፈሬ እሞላዋለሁ።

ጌታ እጅህን ይባርክ።

እናትህ