ኔጌቲቩን አትጣለው

ውድ ቲቸር ክፍሌ፣

ሚክዳድ ነኝ፣ የመጋላው። እግርህ እንዴት ሆነ? አዲስ አበባ ሰው ሁሉ «አንቱ» እያለ አስረጅቶሃል አሉ፤ ልጅህ ስምረት ናት በስልክ የነገረችኝ። እኔ በድሬ ደንብ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፍልህ፤ አንቱ ብልህ ሌላ ሰው የላከልህ ይመስልሃል። ያልደወልኩት ድምፄን ስትሰማ ስለምታውቅብኝ ነው። ይህን ወረቀት ዕቃ ልታመጣ ወደ አዲስ የምትሄደው ጎረቤታችን ሃሊሞ ትሰጥሃለች። እጅህ ሲገባ እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልፈተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቻለሁ። እዚያ ስልክ የለም፣ ጠያቂም የለም።

አቦ ቲቸር፣ ፈርቻለሁ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። ሁለተኛዬ ነው። አሁን ብወድቅ ሌላ አልሞክርም፤ አጎቴ ተማም ዋሂል ከተማ ያለውን ሱቁን ጠርጎ እየጠበቀኝ ነው። ግን ወላሂ የፈራሁት ሱቁን አይደለም፤ ሱቅም ሥራ ነው። የፈራሁት ጭንቅላቴን ነው። ይህ አንተ ያስተማርከው ጭንቅላት የእኔ ይሁን የጫቱ አላውቅም።

ከዚራ ያለው በረንዳህ ትዝ ይልሃል? ከቀትር በኋላ ድሬ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ ጫቱን ይዞ በርጫ ሲቀመጥ፣ «ውጭ የቀረው ውሻና የክፍሌ ተማሪ ብቻ ነው» እያሉ ይስቁብን ነበር። አንተ ሲሚንቶው እንዲበርድ ውሃ ትደፋበታለህ፤ ወዲያው ይደርቃል፤ ከዚያ በጠመኔ ጥያቄ ትጽፍበታለህ። እኛ በጉልበታችን እየዳህን እንሠራለን። ኳድራቲኩን ፈትተን፣ ሁለት መልስ አግኝተን፣ ኔጌቲቩን ሰርዘን ፖዘቲቩን ስናከብ አናታችን ላይ ትቆማለህ።

«ለምን ጣልከው?»

«ኔጌቲቭ ነዋ ቲቸር።»

«ኔጌቲቭ ስለሆነ ነው የሚጣለው? መልሰህ አስገባው። ጥያቄው አልቀበልም ካለ ያኔ ትጥለዋለህ።»

«መልሱ እኮ ወጥቷል።»

«ሲወጣ አይቻለሁ። ሲገባ አላየሁም።»

እንስቅብህ ነበር። መልሶ ማስገባት የሽማግሌ ሥራ ይመስለን ነበር፤ በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ መቆለፉን ለማየት እንደሚመለስ ሰው።

ከዚያ እግርህ ታመመ፣ ስምረት መጥታ ወሰደችህ፣ በረንዳህም ተከራይ ገባበት። እኔ አብዲራሺድ ቤት ማጥናት ጀመርኩ። አብዲራሺድን ታውቀዋለህ፤ ያኔ አብሮኝ ይማር የነበረው፣ አሁን ታይዋን ገበያ ስልክ የሚጠግነው። ቤታቸው ጥላ አለው፣ ፍራሽ አለው፣ ጫት አለው። «ጥናት ያለ ጫት አይገባም» አለኝ። እውነትም ይገባኝ ጀመር፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሳልቅም አንድ ጥያቄ ግማሽ ቀን የሚያስጨንቀኝ ልጅ፣ ስመረቅን ሲኩዌንሱም ሲሪሱም ወለል ብሎ ይታየኛል። ደግሞ ለሌላው ማስረዳት እወዳለሁ፤ ማን ያስቆመኛል።

አንድ ቀን የሆነውን ጉዴን ስማ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ እጥፍ እጥፍ ለሚሄደው ሲሪስ የድምር ፎርሙላ ፈጠርኩ። አለ እኮ የታወቀው፣ መጽሐፉ ላይ የተቀመጠው፤ እኔ ግን የራሴን ፈለግኩ። ስንት ቁጥር እንደደመርክ ያዝ፤ እሱን በራሱ አባዛው፣ ራሱኑ ቀንስለት፣ አንድ ጨምርበት። አንዱን ብቻ ስትወስድ አንድ ይላል፣ ልክ ነው። ሁለቱን ስትደምር ሦስት ይላል፣ ልክ ነው። ሦስቱን ስትደምር ሰባት ይላል፣ ልክ ነው። አብዲራሺድ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «ዋሪያ፣ ሦስቴ ከሠራ ምን ቀረው? ይህን እኮ ፈረንጅም አልደረሰበት» አለ። ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍነው፤ ከሥሩ ስሜን አኖርኩ።

በማግስቱ ጠዋት በደረቅ አፌ አራተኛውን ሞከርኩት። አንድ፣ ሁለት፣ አራትና ስምንት ሲደመሩ አሥራ አምስት ናቸው፤ የእኔ ፎርሙላ አሥራ ሦስት አለ። አብዲራሺድ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነበር። በምርቃና «ገባኝ» ካልኩት ሁሉ ስንቱ እስከ ሦስት ብቻ የሚሠራ እንደነበር እስካሁን አላውቅም። እናቱ ግድግዳውን ኖራ እስክትቀባው ድረስ እዚያ ቤት ስገባ ዓይኔን ከዚያ እያሸሸሁ ነበር የምቀመጠው።

አምና ግቢው በር ላይ ፈተሹን፤ ካልሲያችንን ሳይቀር አስወለቁን። እዚያ ውስጥ ጫት የሚባል የለም። ሌላውን ትምህርት እንደምንም ተፈተንኩ። የሂሳብ ቀን ወረቀቱን ስገልጠው የማውቀው ዓይነት ጥያቄ ነው። ሦስት ቁጥሮች አርትሜቲክ ሲኩዌንስ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እኩል ነው ማለት ነው። ድምራቸው አሥራ ስምንት ነው። ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሦስት፣ ለሦስተኛው አሥራ ሰባት ሲጨመር ጂኦሜትሪክ ይሆናሉ። ቁጥሮቹ እነማን ናቸው?

አየኋቸው፣ አዩኝ። ምንም የለም። ጭንቅላቴ በቀትር እንዳለ የድሬ ሱቅ ተቆልፏል። እጄ ላብ በላብ ሆኖ እርሳሱ ያንሸራትተኛል። ፈታኙ ጎንበስ ብሎ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ከፊደሎቹ አንዷን መረጥኩና እስከ መጨረሻው እሷኑ አጠቆርኩ። ውጤቱን ሰምተሃል። ብዙ ሰው ስለወደቀ ማንም አልተቆጣኝም፤ እኔ ግን ለምን እንደወደቅኩ አውቃለሁ።

አባቴን ኢድልን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ፤ አብራችሁ ተምራችኋል። በሂሳብ ማንም አይደርስበትም ነበር ያልከኝ አንተ ነህ። አሁን ከሰዓት በኋላ ሲመረቅን ፎቅ ይሠራል፣ የድሮውን ባቡር ያስነሣል፣ እኔን ኢንጂነር ያደርገኛል። ድምፁ ራሱ ይጣፍጣል። ሲመሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ጠዋት ደግሞ ሀራራው ይዞት ሰው አያናግርም። አምና ከፈተና ስመለስ ፍራሹ ላይ ጎኑ ተቀመጥኩ። ምንም ሳይጠይቀኝ ጫት ቀንጥሶ አቀበለኝ። ቃምኩ። ትንሽ ቆይቶ ያ ፈተና ላይ የተቆለፈብኝ ጥያቄ እዚያው ተፈታልኝ፤ ልዩነቱ አራት ነው። ልደሰት ቀና ስል አባቴን አየሁት። ነገ እዚያ ፍራሽ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ አልኩ።

ዘንድሮ ረመዳን ሲወጣ አቆምኩ። በቀን ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው፣ በእንቅልፌ ደግሞ ዱካክ አለ። አንተ ስለማትቅም አታውቀው ይሆናል፤ ዱካክ ጫት ያቆመን ሰው በሕልሙ እየመጣ የሚያስፈራራ ነው። አንዳንዱን ጅብ ሆኖ ነው የሚያባርረው። የእኔ ግን ፈታኝ ሆኖ መጣ። ደረቴ ላይ ይቀመጥና «መልሱን አምጣ» ይለኛል። «የቱን?» ስለው «የጣልከውን» ይላል። እናቴ ራሕማ ጩኸቴን ሰምታ ትመጣለች፣ ቁርኣን ትቀራብኛለች፣ ውሃ ትረጨኛለች። «ትንሽ ቃምለትና ይሂድልህ» ያለችኝም እሷው ናት። አልፈረድኩባትም፤ ልጇ ሲጮህ ምን ታድርግ።

ትናንት ዕቃዬን ሳዘገጃጅ አባቴ የበሶ ጣሳ ይዞ መጣ። ገና ጠዋት ነው፤ በጠዋት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ይቺን ያዝ። ፈተና ልትገባ ስትል በጥብጠህ ጠጣት።»

ከፈትኩት። በሶው አረንጓዴ ነው። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት ጫቱን አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ነፍቶ ከገብሱ ዱቄት ጋር ደባልቆታል።

«አባዬ፣ ቢያገኙብኝስ?»

«በሶ ነው። በሶን ማን ይፈትሻል?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አምና ብቻህን ላክሁህ። ዘንድሮ ብቻህን አትገባም» አለኝ።

ቲቸር፣ ከፍቅር ነው ያደረገው። ክፉ ሰው ቢሰጠኝ ኖሮ እደፋው ነበር። ጣሳውን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ስከተው ፍርሃቴ ወዲያው ቀለለኝ፤ መቅለሉ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አስፈራኝ።

ዛሬ ፀሐይ ሳትበረታ ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ውሃ ደፋሁ። ከእህቴ ከኑርሀን ቦርሳ ጠመኔ ሰረቅሁና ያንኑ ጥያቄ ጻፍኩት። ድምሩ አሥራ ስምንት ከሆነ የመሃሉ ቁጥር ስድስት ነው፤ ይህ ወዲያው መጣልኝ። ልዩነቱን ዲ አልኩት። ከዚያ ቀጥ አለ። እንደ አምናው ተቆለፈ። ሻንጣው በሩ ጋ ነው፣ ጣሳው ውስጡ ነው። አንድ ማንኪያ ብቻ አልኩ። ተነሣሁ።

ከመሄዴ በፊት የማውቀውን ብቻ ልጻፍ ብዬ ተመለስኩ። የማውቀው ስድስት ላይ ሦስት ሲጨመር ዘጠኝ መሆኑን ነው። ጻፍኩት። ጂኦሜትሪክ ከሆኑ የዳርና የዳሩ ብዜት የመሃሉ በራሱ ሲባዛ ነው፣ ሰማንያ አንድ። እሱንም ጻፍኩት። እንደ አህያ ጋሪ ቀስ እያለ መጣ። በምርቃና እንደሚመጣው አያበራም፣ አያስጨፍርም፤ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ዳሮቹን በዲ ጻፍኩና አባዛኋቸው፤ ዲ ስኩዌር፣ ሲደመር አሥራ ስድስት ዲ፣ ሲቀነስ ሰማንያ፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። ፈታሁት። አራት፣ ወይም ኔጌቲቭ ሃያ።

ቀና ስል አባቴ በሽርጡ ቆሞ ያየኛል።

«አራት ነው» አለ። «ኔጌቲቩን ጣለው።»

«ለምን?»

«ኔጌቲቭ ምንጊዜም ይጣላል።»

እጄም ሊሰርዘው ሄዶ ነበር። ያ ነገርህ ትዝ አለኝና መልሼ አስገባሁት። በአራቱ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥር ይወጣሉ፤ ሲጨመርባቸው ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ሃያ ሰባት ይሆናሉ። ደህና። በኔጌቲቭ ሃያው ሃያ ስድስት፣ ስድስት፣ ኔጌቲቭ አሥራ አራት ይወጣሉ። ደመርኳቸው፣ አሥራ ስምንት። ጨመርኩባቸው፤ ሃያ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ሦስት። እነዚያው ቁጥሮች ናቸው ቲቸር፣ ከኋላ ወደ ፊት ዞረው መጡ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አምና ፍራሹ ላይ «ተፈታልኝ» ያልኩት ግማሹን ነበር።

አባቴ ቁጢጥ ብሎ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ ተከተለው። ጠመኔው ጣቱን አነጣው።

«ይህን ሳትቅም ነው?»

«ሳልቅም።»

«ክፍሌ ነው ያስተማረህ?»

«ክፍሌ ነው።»

«እኔም እኮ...» አለና ተወው። ተነሥቶ ገባ።

አሁን ይህን ስጽፍልህ የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል። ቅድም ሻንጣዬን ስከፍት ጣሳው አልነበረም። ከጓሮ የሚቆላ ገብስ ሸተተኝና እናቴ ናት ብዬ ወጣሁ። አባቴ ነው። በዚህ ሰዓት ከፍራሹ ተነሥቶ አይቼው አላውቅም። ላብ አጥምቆታል፣ ሀራራው ይዞት ገብሱ ከብረት ምጣዱ እየተፈናጠረ ይደፋበታል። ላግዝህ ብለው «ሂድ አጥና» አለኝ። ወቀጠው፣ ነፋው፣ ጣሳውን አጥቦ ሞላውና አመጣልኝ። «ስኳር ብቻ ነው ያለበት» አለ። ከዚያ ፊቱን ሳያሳየኝ ወጣ።

ነገ ጠዋት አውቶብሱ ይወስደናል። አሁንም ፈርቻለሁ። ወረቀቱን ስገልጠው ደግሞ ሊቆለፍብኝ ይችላል። ዱካኩም ተከትሎኝ ይገባ ይሆናል፤ እሱን በር ላይ ማንም አይፈትሸው። አንተ ለማርያምህ ንገርልኝ፣ እናቴ ዱዓ ታደርግልኛለች፣ የቀረውን አላህ ያውቃል።

ጥያቄውን ከነአሠራሩ ከጀርባ ጽፌልሃለሁ። ዓይንህ ካስቸገረህ ስምረት ታንብብልህ። ግን ቲቸር፣ በቀይ አርመህ እንዳትልክልኝ። መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ ሲገባም አይቻለሁ።

የበረንዳህ ተማሪ፣
ሚክዳድ ኢድል
መጋላ፣ ድሬዳዋ